ለመነጽር የሚወጣው ገንዘብ የት ይግባ?

መነጽር ቤት የገባ ሰው ጊዜውን የሚያጠፋው ፍሬም ሲመርጥ ነው። መስታወት ፊት ቆሞ አንዱን ያጠልቃል፣ ሌላውን ያወልቃል፣ አብሮት የመጣውን ሰው «እንዴት ነው?» ይላል። ሌንሱ ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ በአንድ ደቂቃ ያልቃል። «ተራው ይሁን ቀጭኑ? ብሉ ከት ይጨመርበት? ፀሐይ ላይ የሚጠቁረውስ?» ይባላል። በየስሙ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ገዢውም ኪሱ እስከፈቀደለት ድረስ ሄዶ ይቆማል። በዚህ አካሄድ የሌንስ ጥሩነት የሚለየው በስሙና በዋጋው ይመስላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። መነጽርን ጥሩ የሚያደርገው በመጀመሪያ በትክክል የተለካ ቁጥር፣ ቀጥሎ ሌንሱ ከዓይን ብሌን ፊት የተቀመጠበት ቦታ፣ ከዚያም የፍሬሙ መጠን ነው። የሌንሱ ዓይነት ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ይመጣል። አብዛኛው ገዢ ደግሞ የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ መጨረሻ ለሚመጣው ብዙ ይከፍላል፣ መጀመሪያ ስለሚመጣው አይጠይቅም።

ጉዳዩ የምቾት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በኢትዮጵያ የተካሄደው ብሔራዊ የዓይነ ስውርነት፣ የዕይታ መድከምና የትራኮማ ጥናት እንዳሳየው፣ ዕይታቸው ከደከመ ሰዎች መካከል አንድ ሦስተኛ ያህሉ (33.4 በመቶ) ችግራቸው በመነጽር የሚስተካከል ነበር። ከዓይን ሞራ ቀጥሎ ሁለተኛው ምክንያት ይኸው ነው። ከዓይነ ስውራኑም ውስጥ 7.8 በመቶው ለዚህ የበቁት ሌንስ ሊያርመው በሚችል የዕይታ ጉድለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በዓለም ዙሪያ በዚህ ጉድለት ሩቅ ማየት ከተቸገሩት ውስጥ የሚመጥናቸውን መነጽር ያገኙት 36 በመቶ ያህሉ ብቻ እንደሆኑ ይገልጻል። «የሚመጥናቸውን» የምትለው ቃል ላይ ትኩረት ይደረግ፤ መነጽር ማድረግና በመነጽሩ ማየት ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። ገንዘቡ ውስን በሆነ ቤተሰብ ውስጥ ለማያስፈልግ ቅብ የወጣ ብር ለሁለተኛው ልጅ ምርመራ ሊውል ይችል የነበረ ብር ነው።

እንግዲህ ከቁጥሩ እንጀምር። የማዘዣው ወረቀት ለብዙ ሰው እንደተቆለፈ ነው፤ ሆኖም ለመረዳት የሚከብድ ነገር የለውም። ኦዲ የቀኝ ዓይን ነው፣ ኦኤስ የግራ። ኤስፒኤች በሚለው ሥር ያለው ዋናው ቁጥር ሲሆን መለኪያው ዲዮፕተር ይባላል። የመቀነስ ምልክት ያለው ሩቅ ለማየት ለሚቸገር ነው፤ የመደመር ምልክት ያለው በአብዛኛው ቅርብ ለማየት ለሚቸገር ነው። 1 ሜትርን ለቁጥሩ ብናካፍል ርቀቱ ይወጣል፤ −2.00 የታዘዘለት ሰው ያለ መነጽር አጥርቶ የሚያየው እስከ ግማሽ ሜትር ነው፣ −4.00 የታዘዘለት እስከ 25 ሳንቲሜትር። ሲሊንደርና አክሲስ የሚሉት የአስቲግማቲዝምን፣ ማለትም ዓይን ብርሃንን በሁሉም አቅጣጫ እኩል ያለማጠፉን፣ መጠንና አቅጣጫ ያመለክታሉ፤ አድ የሚለው ደግሞ ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ ለንባብ የሚጨመረው ኃይል ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚደናገርበት ነገር አለ። አንዱ መርማሪ −2.00፣ ሲሊንደር +1.00፣ አክሲስ 90 ብሎ ይጽፋል፤ ሌላው −1.00፣ ሲሊንደር −1.00፣ አክሲስ 180 ይላል። ታካሚው «አንዱ ተሳስቷል» ብሎ ይደመድማል። ሁለቱም የጻፉት ግን ያንኑ ሌንስ ነው፤ የአጻጻፍ ልማዳቸው ነው የተለያየው።

ቁጥሩ ትክክል መሆኑ የሚወሰነው በምርመራው ነው። አገጭን አስደግፈው የሚያዩበት የኮምፒውተር ማሽን በሴኮንዶች ውስጥ ቁጥር አትሞ ያወጣል፤ ያ ቁጥር ግን መነሻ ነው እንጂ ማዘዣ አይደለም። በተለይ ወጣቶች ማሽኑ ውስጥ ያለውን ሥዕል ሲያዩ ዓይናቸው ለቅርብ ስለሚጨብጥ፣ የመቀነስ ቁጥራቸው ከእውነተኛው በላይ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ መርማሪው ሌንስ እየቀያየረ «ይኼ ይሻላል ወይስ ይኼ?» እያለ መጠየቁ የግድ ነው። ሕፃናት ላይ ችግሩ ስለሚብስ ዓይንን ለጊዜው ዘና የሚያደርግ ጠብታ ተጨምሮ ይለካል። ስኳር በሽታ ያለበት ሰው የደሙ ስኳር ከፍና ዝቅ በሚልበት ሰሞን ቢለካ ቁጥሩም አብሮ ይዋልላል፤ ስኳሩ ሲስተካከል የገዛው መነጽር አይሆነውም። የዓይን ሞራ የተነሣለትም ሰው ዓይኑ እስኪረጋ ሳምንታት መጠበቅ አለበት። ከእነዚህ አንዱ ከተዘለለ ከዚያ በኋላ የሚገዛው ሌንስ የቱንም ያህል ውድ ይሁን፣ በጥንቃቄ የተሠራ ስህተት ነው።

ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለው ልኬት ከሁሉ በላይ የሚረሳው ነው፤ በሁለቱ ብሌኖች መሃል ያለው ርቀት። ባለሙያዎች ፒዲ ይሉታል። በአዋቂዎች ላይ በአብዛኛው ከ54 እስከ 74 ሚሊሜትር ይደርሳል፤ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። እያንዳንዱ ሌንስ ብርሃን ሳይታጠፍ የሚያልፍበት አንድ ማዕከል አለው፤ ያ ማዕከል ከብሌኑ ፊት መቀመጥ አለበት። ከዚያ ከወጣ ሌንሱ እንደ ፕሪዝም ሆኖ ምስሉን ወደ ጎን ይገፋል። ምን ያህል እንደሚገፋ ማስላት አይከብድም፤ የሌንሱን ኃይል ማዕከሉ በተዛነፈበት ሳንቲሜትር ማባዛት ነው። −1.00 የሆነ ሌንስ በ4 ሚሊሜትር ቢዛነፍ የሚፈጠረው ፕሪዝም 0.4 ብቻ ስለሆነ ዓይን ችሎ ያልፈዋል። −6.00 የሆነው በዚያው 4 ሚሊሜትር 2.4 ይሆናል፤ ያውም በአንድ ዓይን። ሁለቱ ዓይኖች የተራራቁትን ምስሎች አንድ ለማድረግ ቀኑን ሙሉ ይታገላሉ። ከምሳ በኋላ የሚጀምር ራስ ምታት፣ ግንባር ላይ የሚሰማ ውጥረት፣ ፊደል ሲደራረብ ማየት የሚመጣው ከዚህ ሊሆን ይችላል። ስህተቱ ወደ ላይና ወደ ታች ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ ዓይን ጎን ለጎን የሆነውን ልዩነት የሚችለውን ያህል የከፍታውን አይችልም።

ይህ ነገር ዘመድ ከውጭ መነጽር ለሚልክላቸው ሰዎች በተለይ ይመለከታቸዋል። አሜሪካ ያለች እህት ወይም ልጅ የማዘዣውን ፎቶ ተቀብላ፣ በኢንተርኔት አዝዛ፣ በሰው ትልካለች። ሐሳቡ መልካም ነው፣ ዋጋውም አንዳንድ ጊዜ ይረክሳል። ወረቀቱ ላይ ፒዲ ካልተጻፈ ግን ሻጩ በግምት ወይም በአማካይ ይሠራዋል። አሜሪካ ውስጥ እንኳ ከ1978 ጀምሮ ያለው የፌዴራል የመነጽር ደንብ ምርመራው እንዳለቀ ማዘዣው ሳይጠየቅ ለታካሚው እንዲሰጥ ሲያስገድድ፣ ፒዲውን የግድ እንዲጽፉ አያዝም። ስለዚህ ተመርማሪው ራሱ፣ አዲስ አበባም ይሁን ዋሽንግተን፣ «ፒዲዬንም ጻፉልኝ» ማለት አለበት። ቁጥሩ ከፍ ያለ ሰው ደግሞ ከአፍንጫው መሃል እስከ እያንዳንዱ ብሌን ለየብቻ ቢለካለት ይሻላል፤ የሰው ፊት ግራና ቀኙ እኩል የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው።

አንባቢ እዚህ ላይ ሊሞግት ይችላል። ልኬት ይህን ያህል ወሳኝ ከሆነ፣ በየመንገዱ ተደርድሮ የሚሸጠው የንባብ መነጽር እንዴት ይሠራል? ማንም ሳይለካቸው ገዝተው መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ወይም ቁርኣናቸውን በደስታ የሚያነቡ ብዙ ናቸው። ሙግቱ ትክክል ነው፤ መልሱም እዚያው ስሌት ውስጥ አለ። +1.50 የሆነ ሌንስ በ3 ሚሊሜትር ቢዛነፍ የሚፈጥረው 0.45 ፕሪዝም ነው። ሁለቱ ዓይኖቹ እኩል ለሆኑ፣ አስቲግማቲዝም ለሌለበት፣ ቅርቡ ብቻ ለደከመበት ሰው ይህ ቸል የሚባል ነው። እንዲያውም በሕንድ አሳም ግዛት በሻይ ለቃሚዎች ላይ ተካሂዶ በ2018 በላንሴት ግሎባል ኸልዝ የወጣ ጥናት፣ ዕድሜያቸው 40ና ከዚያ በላይ የሆኑ ሠራተኞች የቅርብ መነጽር ሲሰጣቸው የለቀሙት ሻይ መነጽር ካልተሰጣቸው አንጻር ከ20 በመቶ በላይ ብልጫ እንዳሳየ አረጋግጧል። እንግዲህ ርካሽ መነጽርን መናቅ ስህተት ነው። አንድ ጉድለት ግን አለበት፤ ከመንገድ የገዛ ሰው ዓይኑን ሳያስመረምር ዓመታት ያልፋሉ። ግላኮማ ሕመም ሳይኖረው ከጎን ጀምሮ ዕይታን የሚበላ በሽታ ስለሆነ፣ ንባቡ ደህና የሆነለት ሰው አይጠረጥረውም። መነጽሩን ከመንገድ፣ ምርመራውን ከሐኪም ማድረግ ይቻላል።

አሁን ወደ «ቀጭኑ» ሌንስ እንምጣ፤ ገንዘብ በብዛት የሚፈሰው እዚህ ነው። «ተራ» የሚባለው ፕላስቲክ ሲአር 39 ይባላል፤ ስሙ የመጣው በአሜሪካ የኬሚካል ኩባንያ ውስጥ ከተሞከሩት ሙጫዎች 39ኛው ስለነበረ ነው። ብርሃን የማጠፍ አቅሙ ወይም ኢንዴክሱ 1.5 ነው። ቀጫጭኖቹ 1.6፣ 1.67 እና 1.74 ይባላሉ፤ ብርሃንን ይበልጥ ስለሚያጥፉ በትንሽ ውፍረት ያንኑ ሥራ ይሠራሉ። ይህ እውነት ነው። ጥያቄው በስንት ይቀጥናሉ የሚለው ነው። ከማዕከሉ እስከ ጠርዙ 25 ሚሊሜትር የሆነ −2.00 ሌንስ እንውሰድ። በተራው ፕላስቲክ ጠርዙ ከመሃሉ በ1.25 ሚሊሜትር ይወፍራል፣ በ1.67 ደግሞ በ0.93። ልዩነቱ አንድ ሦስተኛ ሚሊሜትር ነው፤ ማንም ዓይቶ አይለየውም። በ−4.00 ሲሆን 2.5 እና 1.9 ይሆናል። አሁን ያንኑ −4.00 ተራ ሌንስ ትንሽ ፍሬም ውስጥ እንክተተው፣ ከማዕከሉ እስከ ጠርዙ 20 ሚሊሜትር ብቻ ይሁን፤ ትርፉ ውፍረት 1.6 ይሆናል። ርካሹ ሌንስ በትንሽ ፍሬም፣ ውዱ በትልቅ ፍሬም ከሚሆነው ይቀጥናል። ምክንያቱም ውፍረቱ የሚያድገው በስፋቱ ልክ ሳይሆን ስፋቱ በራሱ ተባዝቶ በሚሰጠው ልክ ነው። ትልልቅ ፍሬም ፋሽን በሆነበት ዘመን ይህን ለገዢው የሚነግረው ሰው ማነሱ አይገርምም።

ፍሬሙ ልክ መሆኑን ለማወቅ ጆሮ ላይ የሚያርፈውን ዘንግ ውስጠኛ ገጽ ማየት ይበቃል። 50፣ 18፣ 140 የሚል ቁጥር ቢኖር፣ የመጀመሪያው የአንዱ ሌንስ ስፋት፣ ሁለተኛው የአፍንጫው ድልድይ፣ ሦስተኛው የዘንጉ ርዝመት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሲደመሩ 68 ይሆናሉ። የገዢው ፒዲ 62 ከሆነ ማዕከሉ በየዓይኑ 3 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ መሳብ አለበት፤ በዚያው ልክ የውጪው ጠርዝ ይወፍራል። ድምሩ ለፒዲው ሲቀርብ ሌንሱ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይቀጥናል። ቁጥራቸው −6.00 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች «ይህ እኔን አያድነኝም» ቢሉ ልክ ናቸው። በ−8.00 ትልቁ ፍሬም ላይ ተራው 5 ሚሊሜትር ይወፍራል፤ ትንሽ ፍሬምና 1.67 አንድ ላይ ሲሆኑ 2.4 ይደርሳል። ለእነዚህ ሰዎች ቀጭኑ ሌንስ ተገቢ ወጪ ነው፤ ከ3 በታች ለሆነ ሰው ግን በአብዛኛው ብክነት ነው እላለሁ።

ብክነት ብቻም አይደለም። ቀጭን ሌንስ ሁለት ነገር ያስከፍላል፤ ሻጮች ብዙ አያነሱትም። አንደኛው የጥራት ጉዳይ ነው። ብርሃንን ሳይበትኑ የማሳለፍ አቅም በአቤ ቁጥር ይለካል፤ ከፍ ሲል ይሻላል። የሲአር 39 አቤ ቁጥር 58 ያህል ነው፣ የ1.67 ደግሞ 32 ገደማ፣ የፖሊካርቦኔት 30። የማዘዣ ቁጥሩ ከፍ ያለ ሰው በሌንሱ ጠርዝ በኩል መብራት ሲያይ ሰማያዊና ቢጫ ጥላ የሚታየው ከዚህ የተነሣ ነው። «ተራው» በዚህ ረገድ የሁሉም የበላይ ነው። ሁለተኛው ነጸብራቅ ነው። ያልተቀባ ተራ ሌንስ ከሚያርፍበት ብርሃን 8 በመቶ ያህሉን ይመልሳል፣ 1.67 ወደ 12 በመቶ ይጠጋል። ስለዚህ ጸረ ነጸብራቅ ቅብ የሌለው ቀጭን ሌንስ ግማሽ ግዢ ነው። ከተጨማሪ ቅቦች ሁሉ ለአብዛኛው ሰው የሚጠቅመው ይህ ይመስለኛል፤ ማታ መኪና ለሚነዳ በተለይ። ሙቀት ግን ይጎዳዋል፤ ዱባይ ወይም ጅዳ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ የተረሳ መነጽር ቅቡ ሊሰነጣጠቅ ይችላል።

ፖሊካርቦኔትን በአቤ ቁጥሩ ብቻ መፍረድም አይገባም። የሚመረጠው ሲመታ ስለማይሰባበር ነው። ልጆች፣ በአንድ ዓይናቸው ብቻ የሚያዩ ሰዎች፣ እንጨትና ብረት የሚሠሩ ሰዎች ይህን ወይም ትራይቬክስ የሚባለውን ቢመርጡ ለቅንጦት የወጣ ገንዘብ አይባልም። የልጅ መነጽር ላይ ፋሽኑ ይቅር እንጂ ይህ አይቅር።

ብሉ ከት ላይ ግን ጠንከር ማለት ያስፈልጋል። ከስልክና ከኮምፒውተር የሚወጣው ሰማያዊ ብርሃን ዓይን ያደክማል፣ ሬቲናን ይጎዳል ተብሎ ይሸጣል። በ2023 የወጣው የኮክሬን ግምገማ 17 ጥናቶችን መርምሮ፣ እነዚህ ሌንሶች በአጭር ጊዜ ውስጥ ከተራ ሌንስ በተለየ የዓይን ድካም እንደሚቀንሱ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም። የአሜሪካ የዓይን ሐኪሞች አካዳሚም እንዲገዙ አይመክርም። ከስክሪን የሚወጣው ሰማያዊ ብርሃን ከቀን ብርሃን አንጻር እጅግ ትንሽ ነው፤ ዓይን የሚደክመው በአብዛኛው ስክሪን ላይ ስናፈጥ መርገብገብ ስለምንቀንስና ቅርቡን ለረጅም ሰዓት ስለምናይ ነው። «እኔ ግን ለውጥ አይቻለሁ» የሚል ሰው ይኖራል። አልዋሸም፤ ብዙውን ጊዜ ብሉ ከቱ የመጣው ከአዲስ ምርመራ፣ ከአዲስ ቁጥርና ከጸረ ነጸብራቅ ጋር ስለሆነ ለውጡን ያመጣው የትኛው እንደሆነ በአንድ ሰው ልምድ ብቻ መለየት አይቻልም። ለዚህ ነው በብዙ ሰው ላይ ማነጻጸር የተፈለገው።

በአንጻሩ ከፀሐይ የሚመጣው የአልትራቫዮሌት ጨረር ለእኛ አገር የምር ጉዳይ ነው። የጨረሩ መጠን ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር በ10 በመቶ ያህል ስለሚያድግ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትርን ያለፈችው አዲስ አበባ ከባሕር ዳርቻ ከተማ ይልቅ ትጋለጣለች። ሆኖም ጨረሩን የሚከለክለው የሌንሱ ጥቁረት አይደለም። ንጹሕ ፖሊካርቦኔት ምንም ሳይጠቁር ሁሉንም ማለት ይቻላል ያግዳል፤ መከላከያ የሌለው ጥቁር ሌንስ ግን ብሌኑ በጥላው ምክንያት እንዲሰፋ ስለሚያደርግ ጨረሩን በሰፊው በር ያስገባል። በፀሐይ የሚጠቁረው ሌንስ ጥሩ አማራጭ ነው፣ ውሱንነቱ ከታወቀ። የሚጠቁረው በአልትራቫዮሌት ስለሆነ፣ የመኪና የፊት መስታወት ደግሞ ያንን ስለሚያስቀር፣ ሹፌር ብዙ አይጠቅመውም። በሙቀት ጊዜም ጥቁረቱ ይቀንሳል፤ ለደብረ ብርሃን ብርድ የሚሆነውን ያህል ለሰመራ ሙቀት አይሆንም።

ቅርብም ሩቅም ለደከመበት ሰው የሚቀርበው ባለ ብዙ ዕይታ ሌንስ ልኬት ከስም እንደሚበልጥ ከሁሉ በላይ ያሳያል። ፈረንሳዊው በርናር ሜትናዝ የሠራው ቫሪሉክስ በ1959 ለገበያ ሲወጣ፣ ከላይ ሩቅ፣ ከታች ንባብ፣ በመሃል ኮምፒውተር በአንድ ሌንስ ያለ መስመር ማየት ተቻለ። ዋጋው ግን በጎንና በጎን ያለው የተዛባ ዕይታ ነው፤ የትኛውም ውድ ብራንድ ጨርሶ አላጠፋውም። በዚህ ሌንስ ጠቃሚው ኮሪደር ጠባብ ስለሆነ፣ የብሌኑ ከፍታ ፍሬሙ ፊት ላይ ተስተካክሎ ካረፈ በኋላ ካልተለካ ደረጃ መውረድ ራሱ ፈተና ይሆናል። ቁመቱ ያጠረ ፍሬም ደግሞ የንባቡን ክፍል ቆርጦ ይጥለዋል። ከፍታውን የማይለካ ቤት ይህን ሌንስ ሊሸጥ ሲያቀርብ ገዢው ቢቀርበት ይሻለዋል፤ ሁለት መነጽር መያዝ ይረክሳል፣ በደንብም ያሳያል።

የቀረው ሙግት የአቅም ነው። ተራ ገዢ ይህን ሁሉ እንዴት ይቆጣጠራል? ሁሉንም አይችልም፤ ጥቂቱን ግን ይችላል። መነጽር ቤቶች የተሠራን ሌንስ ቁጥር የሚያነብ ሌንሶሜትር የሚባል መሣሪያ አላቸው፤ መነጽሩን ሲረከቡ «ማዘዣዬን ይዘን አብረን እንየው» ማለት ነውር የለበትም። ቤት ውስጥም ሌንሱን ከዓይን ራቅ አድርጎ ይዞ በውስጡ የበር ጠርዝ ማየት ይቻላል፤ የመቀነስ ሌንስ ሲንቀሳቀስ ምስሉ አብሮት ይሄዳል፣ የመደመር ሲሆን በተቃራኒው። ሌንሱ በቦታው ሲሽከረከር የበሩ መስመር ከተጣመመ ሲሊንደር አለው ማለት ነው፤ ማዘዣው ላይ ከፍ ያለ ሲሊንደር ተጽፎ መስመሩ ቀጥ ብሎ ከቀረ መነጽር ቤቱ መልስ ሊሰጥ ይገባል። ማሽኑ ያነበበው ከማዘዣው ካልገጠመ ሌንሱ እንደገና ይሠራ። ከገጠመና ራስ ምታቱ ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላም ካልለቀቀ ጥያቄው ወደ ፒዲው፣ ከዚያም ወደ መርማሪው ይመለሳል።